መስታወት የመሰለው በር

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ የቤት ውስጥ እንጨት በውሃ ቀለም እንደ እኔ አሳምሮ የሚቀባ ሰው የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናውን ብተወው ኢታንግንና አቦቦንም እጨምር ነበር። እስካሁን የቀባሁት በር አንድ ነው። እሱም በአሁኑ ሰዓት ከማጠፊያው ተነቅሎ፣ ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ባለቤቴ በርበሬ ታሰጣበታለች።

ታሪኩ አድካሚ ነው። ሲደርስብኝ ደክሞኛል፣ ሳወራውም ይደክመኛል፤ እናንተ እንኳ ተቀምጣችሁ አንብቡልኝ። መቀመጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የዚህ ታሪክ መከራ ግማሹ የመጣው ሰው አልቀመጥም ብሎ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ከሜሮን ነው። ሜሮን ፑኝዶ በነርስነት ትሠራለች። እዚያ ኦኬሎ ከሚባል የአቦቦ ልጅ ጋር ተዋወቀች። ኦኬሎ አኙዋ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቤታችን ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ እኔ የማወራውን ሁሉ ደግሞ የሚያምን። ያስወደደኝ ይሄ የመጨረሻው ጠባዩ ነው። ቤቴ ውስጥ የማወራውን የሚያምን ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ «አባባ፣ በእናንተ አገር ሽማግሌ ሲላክ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ የጠየቀው ለማወቅ ነው፤ እኔ የመለስኩት ለጨዋታ ነው። ሽማግሌ «እሺ» እስኪባል አይቀመጥም አልኩት። ይሄ እውነት ነው። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ጊዜ አላስቻለኝም፤ የልጅቷ አባት ቶሎ አይወጣም፣ ያስጠብቃል፣ አጎቴ ልጁን ሲድር ሽማግሌዎቹ ቆመው እንደ ፈረስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር አልኩት። ሜሮን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አጎት የለኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ የተነገረን ጊዜ፣ ባለቤቴ ወርቄ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ቃኘችና ዓይኗ የመኝታ ቤታችን በር ላይ ቆመ።

እንግዲህ እዚህ አገር የመኝታ ቤት በር ጌጥ ነው። ሙቀቱ በር አያስዘጋም። መጋረጃ ሰቅለን እንኖራለን፤ በሩ ወደ ሳሎን ተከፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። የእኛውም ከኋላው መጥረጊያና ጃንጥላ ተሸሽጎበት፣ የእንሽላሊት ቤተሰብ ወልዶ ከብዶበት፣ ቫርኒሹ በላብ እጅ ጠቁሮ፣ ለዓመታት ማንም ሳይዘጋው ኖሯል።

«ይሄ በር እንዲህ ሆኖ ሰው አይገባም» አለች ወርቄ። «ቀለም ቀቢ ጥራ።»

«ለአንድ በር?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧውን እኔው እጠግነዋለሁ ያልክ ጊዜ ሳሎናችን ውስጥ ዓሣ ሊረባ ነበር።»

«ያ ቧንቧ ነው። ይሄ በር ነው።»

በረጅሙ ተንፍሳ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከእኔ ጋር ከተጋባች ወዲህ በተነፈሰችው ትንፋሽ ባሮ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር።

ቀለም ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ስገባ የዘይት ቀለም አቀረበልኝ። የዘይቱ ሽታ በዚህ ሙቀት እንግዳ ይገድልብኛል አልኩት።

«እንግዲያው ለእንጨት የሚሆን የውሃ ቀለም አለ» አለኝ። «ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይፈግፍጉት። አንደኛውን ዙር ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ሲደርቅ እንደገና ለስለስ አድርገው ይፈግፍጉና ይድገሙት። ደግሞ የደረቀ ቢመስልም ቶሎ እንዳይዘጉት። ክረምት ነው፤ በሩና መቃኑ ይጣበቃሉ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ምን እንደማውቅ እንጃ።

«ለማንኛውም መመሪያው ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል።»

ቆርቆሮውን አነሳሁና እጄ እስከሚደርስበት አራቅሁት። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ወጥቼ ፀሐይ ላይ አየሁት። ጽሑፉን የጻፉት ለጉንዳን ነው። «ገባኝ» ብዬ ተሸክሜው ወደ ቤቴ።

መፈግፈግ የሚለውን ምክር ሙያ ለሌለው ሰው የተሰጠ ነው ብዬ ዘለልኩት። ብሩሹን ነክሬ ከላይ ጀመርኩ። ቀለሙ ቫርኒሹ ላይ አልይዝ አለ፤ ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንዳረፈ ውሃ እየተሰበሰበ፣ እየተንከባለለ ወረደ። ወለሉ ግን በጣም ጥሩ ሆኖ ተቀባ። ወለሉ ቫርኒሽ የለውም።

እሺ፣ ፈገፈግሁ። በዚያ ሙቀት፣ ንፋስ እንዳይነካኝ መስኮት ዘግቼ፣ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ እስኪመስለኝ ፈገፈግሁ። ከፊት እስከ ኋላ የቫርኒሽ ብናኝ ለብሼ ስወጣ የጎረቤታችን ውሻ ጮኸብኝ፤ ይኸው ውሻ ከእጄ እየበላ ነው ያደገው። ከዚያ አንደኛውን ዙር ቀባሁ። በማግስቱ በሩን ብዳብሰው የላም ምላስ ሆኗል። ለካ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ፀጉሩ ይቆማል! ይህን ማንም አልነገረኝም። ማለቴ ባለሱቁ ነግሮኛል፤ ግን ፀጉር ብሎ አልነገረኝም። እንደገና ፈገፈግሁ።

ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ደግሞ ፀሐይዋ መጣች። ብሩሹን ከቆርቆሮው አውጥቼ በሩ ጋ እስክደርስ ቀለሙ ደርቆ ይጠብቀኛል። ውሃ ጨምሬ ላቅጥነው ብል ቧንቧው ደርቋል። በርሜል ውስጥ ያለው የባሮ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ባሮ ምን እንደሚመስል እዚህ የኖረ ያውቃል፤ የጋምቤላን ብቻ ሳይሆን የላይኛውን አገር አፈር ሁሉ ጠርጎ ነው የሚመጣው። ቸለስ አድርጌ ጨመርኩበት። አንዴ ሳማስለው ነጩ ቀለም ሻይ በወተት ሆነ።

ወርቄ መጥታ ቆማ አየችው። «ነጭ ነበር ያልከኝ።»

«ክሬም ነው። የጊዜው ነው።»

«የባሮ ነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን አየሁ። «ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ልጃቸው ብለው ነው የሚመጡት። ከደጋ የመጣ ሰው ይንቀናል ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ቤታችንን አዘጋጅተን እንደጠበቅናቸው እንዲያዩ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይህን ካለችኝ በኋላ ከልቤ ሠራሁ። ሌላ ቆርቆሮ ገዛሁ። የታሸገ ውሃ ጨመርኩበት፤ እኔ የባሮን እየጠጣሁ በሩን የታሸገ አጠጣሁት። ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ ተነስቼ በስሱ ቀባሁ። እጄ ከነካ አይቀር ብዬ ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ መቀርቀሪያውን፣ ቶሎ ያልተነሳ አንድ እንሽላሊትንም አብሬ ነጭ አደረግኋቸው። እንሽላሊቱ ግማሽ ጎኑ ሙሽራ መስሎ ወደ ጣሪያው ሄደ። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ክንፋሙ ምስጥ ወጥቶ ቀለሙ ላይ አረፈ አሉ። አሉ የምለው እኔ ስላላየሁት ነው።

«ይሄን ሁሉ አታየውም?» አለች ወርቄ።

«የቱን?»

«በሩ ክንፍ አውጥቷል እኮ!»

«የአምፖሉ ጥላ ነው።»

«የብሩሹ መሥመርስ? የታረሰ መሬት መስሏል።»

«ከየት ሆነሽ ነው የምታዪው?»

«ከፊት ለፊቱ!»

«እኔም ከፊት ለፊቱ ነኝ። መስታወት ነው» አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ለእኔ መስታወት ነበር።

እሁድ ደረሰ። ወርቄና ሜሮን ወጥ ቤት ይራወጣሉ። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ በላብ እየቀለጥኩ በሬን አደንቃለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህን በር ማንም ተዘግቶ አይቶት አያውቅም። እንግዶቹ ሲገቡ ተዘግቶ፣ ንጣቱ ከመቃን እስከ መቃን ሞልቶ ቢያዩትስ? ደግሞም በመኝታ ቤቱ በኩል ጠርዙ ላይ ሳትቀባ የቀረች ቦታ ያለች መሰለኝ። ቀለም በብርጭቆ ቀንሼ፣ ብሩሼን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ማንም ድንገት ከውጭ ስቦት ሥራዬን እንዳያበላሽብኝ የሚደረገውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌ ዘጋሁት። ጠርዟን ነካ ነካ አደረግሁ። ወዲያው የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መጡ!

በሩን ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም። በትከሻዬ ገፋሁት። ወይ ፍንክች። የባለሱቁ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ «ክረምት ነው፤ ይጣበቃሉ።» ያን ምክር ባይሰጠኝ ኖሮ ምናልባት ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። መስኮቱ ደግሞ ብረት ነው፤ የባሮ ዳር ጦጣ ሳሙና ሳይቀር ስለሚወስድብን እኔው ነኝ ያስበየድኩት።

«ወርቄ!» አልኩ በቁልፉ ቀዳዳ። «ወርቄ፣ ቅረቢ።»

«ምን ትሠራለህ? ሰዎቹ ደጅ ናቸው!»

«በሩ ተጣብቋል።»

ከዚያ ያ ትንፋሽ መጣ፤ በቀዳዳው በኩል ፊቴን ነካኝ።

«እንዳትነግሪያቸው» አልኩ። «እየለበሰ ነው በያቸው። ቀስ ብዬ አላቅቀዋለሁ።»

ገቡ። የኦኬሎ አጎት አቶ ኡጁሉ፣ ፀጉራቸው የነጣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አክስቱ፤ ከኋላ ደግሞ መኪናውን የነዳው ራሱ ኦኬሎ። በእኛ ባህል ሙሽራው አብሮ አይመጣም። ይህን ልነግረው ረስቻለሁ፤ በአጎቴ ስጠመድ።

«ኖሩልን! ተቀመጡ እንጂ» አለች ወርቄ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ኡጁሉ። «የእናንተ ባህል ሁሉ ኦኬሎ ነግሮናል። እንቆማለን።»

«ኧረ ግድ የለም፣ ሙቀት ነው፣ እባክዎ!»

«ሙቀት የእኛ ነው፤ እናውቀዋለን። አባት የት አለ?»

«እ... ውስጥ ነው። አሁን ይወጣል።»

እዚህ ጋ እኔ በሩን በዳሌዬ አንድ መታሁት። ቤቱ ተናጋ።

«አይቸኩል» አሉ አቶ ኡጁሉ በእርጋታ። «ይህንም ነግሮናል። አባት ቶሎ አይወጣም።»

ቆሙ። እኔም ቆምኩ። አክስትየዋ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ በአኙዋ ቋንቋ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ። ኋላ ኦኬሎ እንደነገረኝ፣ «እነዚህ የደጋ ሰዎች እንዴት ሆነው ነው የሚባዙት?» ነበር ያሉት። አቶ ኡጁሉ ጊዜው እንዲያልፍ ጸሎት ጀመሩ። የዚያን ቤት ዕቃ ሁሉ፣ የእኔንም ልብ፣ አንድ በአንድ እየጠሩ ባረኩ። ክራቫቴ አንገቴ ላይ ረጥቦ ገመድ ሆኗል። «አሜን» አልኩ ከውስጥ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

«የሜሮን አባት ይሰማል!» አሉ ደስ ብሏቸው። ድምፃቸው ቀረበ። «እሺ። በእናንተ ባህል ሽማግሌ ለበር ይናገራል ማለት ነው። እኛም ለበሩ እንናገራለን። የሜሮን አባት፣ ልጃችን ኦኬሎ ልጅዎን ይወዳል። ጥሩ ልጅ ነው። እኔ አሳደግሁት። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።»

አሁን ተመልከቱ ሰው ሲሞኝ። «በሩ ተጣብቆብኛል» ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን ክብሬን ላድን ብዬ፣ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» እንደማይባል ትዝ አለኝና ድምፄን አወፍሬ፣ «እንመክርበታለን» አልኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ማራገቡ ቆመ።

አቶ ኡጁሉ አሁን ሲናገሩ ለበሩ አልነበረም። «በር ዘግቶ እንመክራለን ማለት፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ እኛም አገር አለ። ባህል አይደለም። ኦኬሎ፣ መኪናውን አስነሳ።»

የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቀጥሎ ልክ ከበሩ ማዶ፣ ከግንባሬ አጠገብ፣ የሜሮን ድምፅ መጣ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ስለ እነሱ ነው እንዴ? ፊታቸውን ማየት አልፈለግክም?»

በዚያ ሙቀት ውስጥ በረደኝ። ክብሬን እዚያው ጥዬው ጮህኩ። «ተጣብቄ ነው! ልጄ፣ በሩ ተጣብቆብኝ ነው! ቀለሙ ነው! እኔው ቀብቼው! አቶ ኡጁሉ፣ እንዳይሄዱብኝ! አጎት የለኝም!»

«ምን የለኝም ነው የሚለው?» አሉ አክስትየዋ በአማርኛ።

«እውነቱን ነው» አለች ወርቄ። «እኔ ነኝ ስሸፍንለት የቆየሁት። ያ በር ነው የያዘው። ዘነዘናውን አምጪልኝ ሜሮን፤ ዛሬ ወይ በሩ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ።»

ኦኬሎ እጀታውን ይዞ ሳበ። እጀታው እጁ ላይ ቀረ። ወርቄ ማጠፊያዎቹን በቢላ ፋቀች፣ በዘነዘና ከታች ወደ ላይ መታች፤ ፒኖቹ አንድ በአንድ ዘለው ወጡ። ኦኬሎ በሩን በማጠፊያው በኩል አቅፎ ሳበው። በዚያ በኩል ተላቀቀ፤ በዚህኛው በኩል ግን ከላይ አንድ ነገር ይዞት ተንጠለጠለ። ቀና ብለን ሁላችንም አየን። ማለቴ እነሱ አዩ።

አቶ ኡጁሉ ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉና ተጠጉ። ከበሩ አናት ላይ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ መቀርቀሪያው ጉድጓዱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቶ ቆሟል። ጣታቸውን ዘርግተው ነኩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«የሜሮን አባት» አሉ በአክብሮት። «ይሄስ? ባህል ነው?»

ሜሮን አየችኝ። ወርቄ ዘነዘናውን እንደያዘች አየችኝ። «አዎ» ብል ያምኑኝ ነበር። ኦኬሎማ ለልጆቹ ሁሉ ያስተምርልኝ ነበር። የልጄ ዓይን ግን አላላወሰኝም።

«ባህል አይደለም» አልኩ። «እኔው ነኝ የቀረቀርኩት። ቀርቅሬው ረሳሁት። ከዚያም አላየሁትም።»

አቶ ኡጁሉ መቀርቀሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሱፌንና ቀለም የነካ ክራቫቴን አዩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁና እግራቸው ከዳቸው፤ ከኋላቸው ያለው ሶፋ ላይ ዘፍ አሉ።

ወርቄ ይህን ስታይ ዘነዘናውን ጥላ እልል አለች። «ተቀመጡ! ሽማግሌው ተቀመጡ! አለቀ!»

ሽማግሌ ከተቀመጠ «እሺ» ተብሏል ማለት ነው። ልጄን የዳርኳት እንዲህ ነው፤ «እሺ» የሚል አንድም ቃል ሳልናገር። ሜሮን እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ነጭ ቀሚሷ ላይ የክራቫቴ ቀለም ተላከከ።

ግርግሩ ሲበርድ አቶ ኡጁሉ ለክብሬ ብለው፣ «መቀርቀሪያው ነጭ በነጭ ላይ ነው። አይታይም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅርብ አይታይዎትም?» አሉኝ።

«በደንብ ይታየኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁና አፍንጫዬ ላይ ሰኩት። ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን በሬን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ትልም አለ፣ ከላይ እስከ ታች። ክንፍ አለ። የብሩሽ ፀጉር አለ፣ የደረቀ ጠብታ አለ፣ ከወገቡ በታች የተቆረጠ የእንሽላሊት ጭራ አለ።

«መስታወት ነው» አለች ወርቄ ከጎኔ።

ከተማው ውስጥ ታሪኩን የሚያወሩት ሁሉ ቀለሙን ይወቅሳሉ። ቀለሙ ምንም አላደረገም፤ ደርቆ ነበር፣ የትም አልተጣበቀም። እኔ ነኝ ቅርብ ያለ ነገር የማይታየኝ። መነጽር ከታዘዘልኝ ቆይቷል፤ ያስረጀኛል ብዬ ነው የማላደርገው።